በሬው የጠጣው ወደብ

ባለፈው ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ማር ልገዛ ሄጄ፣ ጣቴን ቅሉ ውስጥ ነክሬ እየቀመስኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ከብት አውጡ» አለ። አልጮኸም፤ እኔ ብቻ የምሰማውን ያህል ነው ያለው። እኔ ግን ማሩን ትቼ ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። ማር ሻጯ የበና ሴትም ምን መጣ ብላ አብራኝ አንጋጠጠች፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ዞር ስል አንድ ቀጭን ሽማግሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን በጣቱ አንጠልጥሎ ይስቃል። ጥርሱ ተመናምኗል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ኦይታ ነው።

«አንተ ዘነበች፣ አረጀህ» አለኝ። ኦይታ የቱርሚ ሐመር ነው። አማርኛን የለመደው ጂንካ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር ሲሆን፣ ያኔም ዛሬም ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ሰው «አንተ» ይላል። ያኔ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳይቀር «አንተ» ይለው ነበር፤ ያ ደግሞ እንደ ዛሬው የሚያስቅ አልነበረም። «አንተስ ምን ቀረህ» አልኩት። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን፤ ቅቤ ቅቤና ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ ለቀቅ አደረገኝና በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሲገናኝ እየፈራ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ዳንኤል አለ?»

«አለ» አልኩት። «ጉልበቱን አሞት ጂንካ ቀረ እንጂ አብሮኝ ይመጣ ነበር።»

ኦይታ መቀመጫውን መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ደህና» አለ። «ደህና፣ ደህና።» እኔም አጠገቡ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ማሩን ረሳሁት።

ዳንኤል ባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ከመሆኑ በፊት ግን ላጣው ነበር። ያተረፉልኝ ይኸው ኦይታና አንድ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ቀይ በሬ ናቸው።

ያኔ ጂንካ ማለት የአውሮፕላን ሜዳው ነበር። ሜዳው በከተማው ዳር አልነበረም፤ ከተማው ነው በሜዳው ዳር የነበረው። ዙሪያውን ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ የቀበሌው አዳራሽ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከብት የሚግጥበት አረንጓዴ ሣር። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ የሚሸተው የዚያ ሣር ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የአባቴ ሱቅ ሜዳው ማዕዘን ላይ ነበረች፤ ጋዝ በጠርሙስ፣ ሳሙና በቁራጭ፣ ስኳር ሲገኝ፣ ክር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ኮንጎ ጫማ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ ያለው ጎረምሳ ብስኩት ጨምሮ እግሩን አነባብሮ ይጠጣል። እግሩ ሰፊ ሱሪ ሌላው አገር ጥሎት ካበቃ በኋላ እኛ ጋ ደረሰና ወንዶቹ ሁሉ በካኪ እያሰፉ ከተማውን ይጠርጉልን ጀመር። እኛ ሴቶቹ በጉርድ ቀሚስና በባለ ማሰሪያ በረባሶ ነበርን። ፀጉራችንን እናጎፍርና ማበጠሪያውን እዚያው እንሰካው ነበር፤ እንዴት እንዳላፈርን አላውቅም።

መንገዱን ማንም አያምነውም። ወይጦ ወንዝ ሲሞላ ጭነት መኪናው ማዶ ቆሞ ይከርማል። ስለዚህ መድኃኒቱም ጋዜጣውም ሹመኛውም፣ አንዳንዴም ሙሽራው፣ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ የሜዳው ዘበኛ ጋሽ ተሰማ ፊሽካውን ይነፋና «ከብት አውጡ» ይላል። ያን ጊዜ ከተማው የያዘውን ይጥላል። ፀጉር ቆራጩ ግማሽ ራስ ትቶ ይወጣል፤ አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዘ ይሮጣል፤ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ከነቢላዋ። ከብት ያለውም የሌለውም ይሮጣል። አንዲት ጊደር ሜዳው ላይ ከቀረች አውሮፕላኑ ከላይ ዞር ዞር ብሎ መንገዱን ይቀጥላላ። ይህን ለሌላ አገር ሰው ሳወራው ቀልድ ይመስለዋል። እኛ ግን ያቺን ቃል ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው አናውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን ቀበሌው ሁሉ ኪነት የሚባል የዘፈንና የቲያትር ቡድን ነበረው። እኔ እዘፍን ነበር። ድምፄ ደህና ነበር፤ ዛሬም ቤት ስጠርግ ብቅ ይልብኛል። ኦይታ ይዘላል፤ ሐመር ሲዘል አይታችሁ እንደሆነ ጣሪያው ያሳስባችኋል። ድርሰቱ የዳንኤል ነው። ዳንኤል የአሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ያኔም ዐይን ነበረባቸው። ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት የሚያይ ልጅ ነበር። ባህር አይቶ አያውቅም። ማናችንም አላየንም። እርሱ ግን የትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባውን ቦታ እያየ ቆሞ ይቀር ነበር።

ከዚያ ሰማያዊ ውስጥ ናሩማ የምትባል ከተማ አወጣ። የትም የለችም። ስሟም ምንም ማለት አይደለም፤ ስጠይቀው «አፌ ላይ ጣፈጠኝ» ነው ያለኝ። ሁለት ጨረቃ የሚወጣባት አገር ናት። ወደቧን የሠራው ሰው የለም፤ ተራሮች ዙሪያውን አቅፈውት ውሃው ረግቶ ይተኛል፣ ከትልቁ ባህር የሚያገናኘው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። ማዕበል አይገባበትም፤ ችግሩ ነፋስም አይገባበትም። ስለዚህ መርከብ ሁሉ ገብቶ በሰላም ያርፋል፣ ለመውጣት ግን ነፋስ መግዛት አለበት። የናሩማ ሴቶች ተራራው አናት ላይ ወጥተው ነፋሱን በቅል ይሞሉና አፉን በቅጠል ወትፈው ገበያ ያወርዱታል። እኔ ነፋስ ሻጭ ነበርኩ። «የጠዋት አለኝ፣ የማታ አለኝ፣ ሩቅ ለሚሄድም አለኝ» እያልኩ ቅሌን አቅፌ እዘፍናለሁ። በኋላ አንድ ዐይና ንጉሥ ይመጣና ጠባቡን በር በሰንሰለት ዘግቶ ነፋሱም ውሃውም የእኔ ነው ይላል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። ንጉሥ የሚወድቅበት ድርሰት ስለሆነ ጓዶቹ ይወዱታል ብለን ነበር። ልጅነት።

ወደቡን የሣልነው ተቀዶ በተሰፋ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ነው። ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ሰማያዊ ዱቄት ከአባቴ ሱቅ ወስደን በጥብጠን ቀባነው፤ ዳንኤል እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። ተራሮቹን ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ የሚያያቸውን የጂንካን ተራሮች አድርጎ ሣላቸው፤ ሌላ ተራራ ከየት ያመጣል። የናሩማ ባንዲራ የእናቴ ሻሽ ነበረች፣ ቢጫ፣ ባለ አበባ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ኦይታ ጆንያውን ዞሮ ዞሮ አየና «ይሄ ከተማ ከብቱ የት አለ?» አለ።

«ወደብ ነው እኮ» አለው ዳንኤል። «መርከብ ነው ያለው።»

«ውሃ አለ፣ ከብት የለም። ሰው ታዲያ ለምን እዚህ ኖረ?»

ስለዚህ ከብት ገባ። ኦይታ በሬውን ወደ ወደቡ ያወርድና የሐመር ወንድ ለበሬው እንደሚዘፍነው እየዘፈነለት ያጠጣዋል። መርከቡ በጠባቡ በር ብቅ ሲል ደግሞ «ከብት አውጡ፣ መርከብ መጣ» ብሎ ይጮኻል። ይህ እንግዳ ነገር ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መርከብ ሲመጣ ሌላ ምን ይባላል?

ከሰሜን የተመደበው የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር መኮንን ብቻ ልምምዱን አይቶ ራሱን ያዘ። «ልጆች፣ የባህር ውሃ ጨው ነው» አለን። «ከብት አይጠጣውም። ይህን ክፍል አውጡት፣ መሳቂያ ትሆናላችሁ።»

«ጨው ነው?» አለ ኦይታ።

«ጨው ነው።»

«ጨው ከሆነማ በሩጫ ነው የሚመጡት። አርቦሬ ወርደህ ጠይቅ። ለጨው ብለን ከብት ስንት ቀን እንነዳለን።»

ቲቸር መኮንን መላስና መጠጣት ለየቅል ነው ብሎ ሊያስረዳን ደከመ። እኛ በኦይታ ነበር ያመንነው፤ በከብት ነገር ሐመር ሲናገር ማን ይከራከራል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ልምምድ ሊያይ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ያ ዘመን ደግሞ ፈሪን ከክፉ የባሰ ያደርገዋል። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ያወራል፤ ወደብ የሚለው ቃል ራሱ ባሩድ ባሩድ ይሸት ነበር። ሰውዬው ጆንያውን አየ፣ የእናቴን ሻሽ አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የማን ወደብ ነው ይሄ?»

«የናሩማ» አለ ዳንኤል።

«የራሱ ባንዲራ ያለው ወደብ፤ የራሱ ንጉሥ። ምፅዋን ነው የሣልከው። ገንጣይ ነህ ልጄ።»

ዳንኤል ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። አብዮት ጥበቃዎቹ ከሁለት ወገን ብብቱን ሲይዙት ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ሊልኩት ነው ተባለ። በዚያ ሰሞን የተላኩ ልጆች እናቶች ልብስና ስንቅ ይዘው ሄደው፣ ያንኑ ልብስ ይዘው ሲመለሱ አይተናል። የዳንኤል እናት ቀበሌው በር ላይ መጥታ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ከንፈሯ ብቻ ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። እኔ ከአባቴ ሱቅ ዳቦ እየወሰድኩ በኪነት ስም አቀብለው ነበር፤ ሦስቴ አራቴ እንዳመላለስኩ ነው ይህን ልጅ እንደምወደው የገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል?

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ተሰማ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁላችንም ሮጠን ከብት አወጣን፤ አውሮፕላኑ አረፈና አንድ ትልቅ ሹም ወረደ። ጥቁር መነጽር፣ ሰፊ ካኪ፣ ሳቅ የማያውቅ ፊት። የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሊቀመንበሩ ግን የያዘውን ገንጣይ ለማሳየት ቸኮለ። ሹሙ ሰምቶ ሰምቶ «ልየው» አለ። «ድርሰቱን ከሰዓት በኋላ ይሥሩት፣ ሙሉውን። ልጁም አጠገቤ ይቀመጥ። ማታውን እወስናለሁ።»

የምንሠራው ሁሉ በዳንኤል ነፍስ ላይ እንደሆነ ገባን። ቲቸር መኮንን ከትምህርት ቤት ሮጦ መጣ። «በዚህ ላይ ደግሞ ሹሙ ያሾፉብኛል እንዳይል፣ ለልጁ ስትሉ በሬውን ተዉት» አለን። ንግግሩ ልክ መሰለኝ። እኔ ራሴ ኦይታን በእጁ ይዤ ለመንኩት።

«በሬ ከወጣ ምን ይቀራል?» አለኝ። «ባንዲራና ንጉሥ ይቀራል። ሰው የሚታሰረው በእሱ ነው።» ብሎኝ ወጣ። በልምምድ ጊዜ በሬ የሚሆንልን ቆዳ የለበሰ ልጅ ነበር፤ ኦይታ በዚያ ቀን ከሜዳው እውነተኛ ቀይ በሬ እየነዳ በጓሮ በር አስገባ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መስኮቱ ሁሉ ራስ በራስ ነው። ሹሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ቀጥሎ ዳንኤል በሁለት ጥበቃዎች መሐል፣ ከንፈሩ ደርቆ። ቅሌን ይዤ ወጥቼ ዘፈንኩ። ነፋሴን የገዛኝ የለም። ሹሙ እንደ ግንብ ነው። የእናቴ ሻሽ ስትሰቀል ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ እርሱም ራሱን ነቀነቀ። ዳንኤል ዐይኑን ጨፈነ። አለቀለት አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ኦይታ በሬውን እየነዳ ገባ። ባህሩ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ነበር፣ ውሃ የሞላ። ኦይታ ቲቸር መኮንንን ለማክበር ይሁን ለበሬው ብሎ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሮበታል። በሐመርኛ መዝፈን ጀመረ፤ ያ ዘፈን ቀንዱንም ጠባዩንም የሚያወድስ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። በሬው አሸተተ። ጎንበስ አለና ጠጣ። እኛ ትንሽ ቀምሶ ይተዋል ብለን ነበር፤ እርሱ ግን መጠጣቱን አላቆመም። የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጠጣ፣ ጠጣ፣ የሳፋውን ቂጥ ላሰና ቀና አለ። ባህሩ አለቀ። ኦይታ ባዶውን ሳፋ አየ፣ እኛን አየ፤ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ያለውን ጉሮሮ ሁሉ አውጥቶ «ከብት አውጡ» ብሎ ጮኸ።

መርከብ የሚለው ላይ አልደረሰም። ጋሽ ተሰማ ከኋላ ወንበር ላይ ተስፈንጥሮ ፊሽካውን እየነፋ ወጣ። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ ተገለበጠ። እናቶች፣ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአንድ በር። ቲቸር መኮንን በመስኮት ወጣ። ጥበቃዎቹ የዳንኤልን ብብት ለቀው ሮጡ፤ አንደኛው ሁለት ላሞች ሜዳው ላይ ነበሩት። ሊቀመንበሩ ራሱ በሩ ድረስ ከሮጠ በኋላ ነው ሹሙን ጥሎ መውጣቱ ትዝ ያለው። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኛ፣ በሬው፣ ሹሙና ዳንኤል ነን። ዳንኤል ያን ጊዜ ቢሮጥ ማንም አይዘውም ነበር። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ይላል፤ እስከ ዛሬም ያ ጉልበቱ ነው የሚያመው።

ሹሙ ቀስ ብሎ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ውጭ ከተማው በሙሉ ከብት እያባረረ ባዶ ሰማይ ያያል። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳል መስሎን ነበር። ሳቅ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ ዐይኑን እየጠረገ፣ «አንተ ወዴት እየሮጥክ ነበር?»

«ከብቱ...» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምፅዋ ያልከኝ ወደብ ይኸው። እኔ ዛሬ ጠዋት ያረፍኩበት ሜዳ ነው። ልጁን ልቀቀው።» ወደ ዳንኤል ዞረና ደግሞ «ባንዲራዋን ግን አውርዳት» አለው። ሰንሰለቱ የሚበጠስበትን ክፍል ሳንሠራው ቀረን።

ልጆች ወልጃለሁ፣ ከበሽታ ተነሥቻለሁ፣ ዘመን ሲለወጥ አይቻለሁ። እንደዚያች ሰዓት ያለ እፎይታ ግን ደግሜ አላገኘሁም። እዚያው መድረኩ ላይ፣ በሬው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዳንኤል «ውሃ» አለ፤ ውሃውን በሬው ጨርሶታል። ሻይ ቤት ሮጬ በጣሳ አመጣሁለት። ግማሹ አንገቱ ላይ እየፈሰሰ ጠጣ፣ እናቱ ከጎኑ ቆማ አገጩን በነጠላዋ ትጠርግለታለች። የእኔ እናትም ለካ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ማታ ቤት ስገባ እጇን ዘርግታ «ባንዲራዬን አምጪ» አለችኝ። ዳንኤልን ላግባ ባልኩ ጊዜ ጴንጤ ነው ብላ ብዙ ተቃወመች፤ በመጨረሻ «መቼም ሻሼ የተሰቀለችለት ልጅ ነው» ብላ ፈቀደች።

ዛሬ ያ ሜዳ ላይ አውሮፕላን አያርፍም። ፊሽካ የሚነፋም የለም፤ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል። የመጀመሪያ ልጄ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ይነዳል። አንድ ቀን ወደቡ አጠገብ መርከብ የሚጠብቁ ከብቶችን ቀርጾ ላከልኝ፤ ከገንዳ ውሃ ይጠጣሉ። ከብት ወደብ ላይ ውሃ ሲጠጣ ይኸው አየሁ። ለቲቸር መኮንን ባሳየው ደስ ባለኝ፤ እርሱ ግን አገሩ ከገባ ስንት ዘመኑ።

ይህን ሁሉ ከኦይታ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናነሣ ስንጥል ገበያው ተበተነ። ስልኬን አወጣሁና ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ወደ ቤት ደወልኩ። ዳንኤል «ማሩ ተገኘ?» አለኝ። ስልኩን ለኦይታ ሰጠሁት። ኦይታ በሁለት እጁ ያዘው፣ አፉን አስጠጋና ቀስ ብሎ «ከብት አውጡ» አለ።

ከወዲያ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማኝ፤ ምርኩዙ ነው። ሁለቱም ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ኦይታ» አለ ዳንኤል። «ሰዉ ሁሉ ሮጠ?»

«ሁሉም ሮጠ» አለው ኦይታ። «አንተ ግን አለህ።»